አክስቴ ቆማ ያስቆፈረችው መቃብር

ሥራሽ ምንድን ነው ስባል መልሴን ማሳጠር እወዳለሁ። «ላቦራቶሪ ነኝ» እላለሁ፤ ጠያቂው ደምና ሽንት የምመረምር መስሎት ወሬውን ይተወዋል። እውነቱን ከነገርኩት ፊቱ ይቀየራል። የምሠራው ባሕር ዳር ባለ አንድ የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ነው። ከሰው አካል ተቆርጦ የመጣ ሥጋ ይደርሰኛል። እሱን ሰም ውስጥ ከትቼ አጠነክረዋለሁ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስቼ እቆርጠዋለሁ፣ ቀለም አጠጥቼ መስታወት ላይ እዘረጋዋለሁ። ከዚያ የላቦራቶሪው ሐኪም በማይክሮስኮፕ አይታ የበሽታውን ስም ትጽፋለች። የሥጋው ባለቤት እኔን አያውቀኝም፣ እኔም እሱን አላውቀውም። በዕቃ ይመጣል፣ በቁጥር ይሄዳል።

ይህን የምነግራችሁ ጉዳይ የደረሰው ሥራው በጣም በሰለቸኝ ሰሞን ነው። ሥጋው እንዳይበሰብስ የምንነክርበት የፎርማሊን ሽታ ከፀጉሬ አልወጣ ብሎኝ፣ አዲስ አበባ የላቦራቶሪ ዕቃ የሚያስመጣ ድርጅት «ነይ» ብሎኝ፣ እኔም «መጣሁ» ብዬ፣ ሻንጣ መሸከፍ ብቻ ነበር የቀረኝ። የሥራ ባልደረቦቼ እንኳን ስንብት ሊያደርጉልኝ እየተንሾካሾኩ ነበር፤ ያላወቅሁ መስዬ ዝም አልኳቸው።

የተወለድኩት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። ያሳደገችኝ ግን አክስቴ ውዴ ናት። እናቴ ስታርፍ አክስቴ ታች ጋይንት ካገባችበት ቤት ድረስ ይዛኝ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ እናት አልጎደለኝም። ባሏ የኔታ ጥበቡ በጋይንቷ ቤተ ልሔም የዜማውን መጽሐፍ ድጓን የተማሩ መሪጌታ ናቸው፤ ከአርብ ገበያ ከተማ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ሚካኤል ያስተምራሉ። አገሬው በሙሉ የኔታ ነው የሚላቸው። ለእኔም የኔታም አባቴም እሳቸው ናቸው።

አክስቴ ጡቷ ላይ የወጣባትን እብጠት ለብዙ ጊዜ ደበቀችው። በኋላ ግን በስልክ «አንቺ ልጅ፣ አንድ ነገር በቅሎብኛል» ብላ እየሳቀች ነገረችኝ። እሷ የምር ነገር ስትናገር መሳቅ ልማዷ ነው። ወዲያው ደብረ ታቦር ሆስፒታል እንድትሄድ አደረግሁ። መጀመሪያ በመርፌ ተመረመረች፣ ካንሰር መሆኑ ታወቀ፣ ቀዶ ጥገናውም ተደረገላት። እኔ በዚያ ቀን ተረኛ ስለነበርኩ አጠገቧ መቆም አልቻልኩም። ቀዶ ሐኪሙን ግን በስልክ አገኘሁት።

«በሰላም አልቋል» አለኝ። «የወጣውን ሥጋ በዕቃ አድርጌ ለባለቤቷ ሰጥቻቸዋለሁ። ይዘውልሽ ይመጣሉ።»

ይህ እኛ አገር የተለመደ ነው። ናሙናውን ከሆስፒታል ወደ ላቦራቶሪ የሚያመላልሰው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ነው። እኔም የኔታን ከአውቶብስ ለመቀበል ተዘጋጀሁ። በማግስቱ የባሕር ዳር መንገድ ተዘጋ ተባለ፤ ሰሞኑን መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት የከረመበት ጊዜ ነበር። ሲከፈት ይመጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ተከፈተ፤ አልመጡም። ስልካቸው ዝግ ነው። ሳምንት ሊሞላ ሲል በጎረቤታቸው ስልክ አክስቴን አገኘኋት።

«ደህና ነኝ፣ ቤቴ ገብቻለሁ» አለችኝ። «ቁስሉም እየደረቀ ነው፣ እግዜር ይመስገን።»

«ዕቃውስ የታለ?»

«የቱ ዕቃ?»

«ከአንቺ የወጣው ነዋ!»

«እሱንማ የኔታ አሳርፈውታል።»

«አሳርፈውታል ማለት?»

«ሚካኤል። ከእናታቸው መቃብር አጠገብ።»

ስልኩን እንደያዝኩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሐኪሟ ፊቴን አይታ ምን ሆነሽ ስትለኝ «የአክስቴ ናሙና ተቀበረ» አልኳት። መጀመሪያ የቀለድኩ መስሏት ነበር። ቀልድ አለመሆኑን ስታውቅ ቦርሳዬን አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

አርብ ገበያ የገባሁት በገበያው ቀን ነው። ገብስና ባቄላ የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተውት፣ እኔ በመሀላቸው እየተሹለከለክሁ በእግር ወጣሁ። ሙሉውን መንገድ የኔታን ምን ብዬ እንደምቆጣቸው ሳወጣና ሳወርድ ነበር። ደግሞም እኔ ቁጡ ነኝ፣ አክስቴ ራሷ ትመሰክራለች።

የኔታን ያገኘኋቸው ከቤታቸው ደጅ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው። ሲያዩኝ ብድግ አሉ። ነጭ ጥምጣማቸው፣ ቀጭን ፊታቸው፣ «ልጄ መጣሽ?» ያሉበት ድምፅ፣ ያዘጋጀሁትን ቁጣ ግማሹን ወሰደብኝ። አክስቴ ከቤት ወጣች። ከስታለች፣ ግራ እጇን ወደ ደረቷ ሰብስባ ይዛለች፣ ግን ትስቃለች። አቅፌ ልስማት ስል «ቀስ፣ ቀስ፣ ጎረድ አድርገውኛል እኮ» አለችኝ።

ውኃ እንኳን ሳልጠጣ ጠየቅኋቸው። «የኔታ፣ ምን ብለው ነው የቀበሩት?»

«ምን ማለትሽ ነው ልጄ? የሰው አካል አይደለም እንዴ?» አሉ በእርጋታ። «የተጠመቀ፣ የተቀባ አካል ነው። በትንሣኤ የሚነሣ ነው። የትም ሊጣል ነው? መንገዱ ተዘጋ ሲሉኝ ይዤው መጣሁ። ቤት ውስጥ የማኖረው ነገር አይደለም። ጸሎት አድርሼ አፈሩን አለበስሁት።»

«ሐኪሙ ለምርመራ ባሕር ዳር ይድረስ አላሉዎትም?»

«ብለውኝ ይሆናል። ያን ሰዓት እኔ የምሰማ ሰው አልነበርሁም። ደግሞስ ነቀርሳ ነው ብለው ነግረውኛል፣ ቆርጠውም አውጥተውታል። የታወቀውን ነገር ደግሞ ምኑን ይመረምሩታል?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ተሳስተዋል፤ ግን ስህተታቸው ውስጥ አንድም ቸልተኝነት አልነበረም። እኔ በየቀኑ ስንቱን ዕቃ ስቀበል አንድ ቀን እንኳን «ይህ አካል ነው» ብዬ አላውቅም። የቀረው ቁጣዬም ያኔ በረደ።

አንድ ነገር ግን ወዲያው ማወቅ ነበረብኝ። ሥጋው ያለ ፎርማሊን አፈር ከነካ አልቆለታል።

«ሲቀብሩት ከዕቃው አውጥተው ነው? በጨርቅ ጠቅልለው?» አልኳቸው።

«ከነዕቃው ነው እንጂ!» አሉ ተቆጥተው። «ያን የሚሸት ውኃ በሚካኤል ዐፀድ ላይ ላፈስ?»

እጃቸውን ይዤ ሳምኩት። ለምን እንደሳምኩት አልገባቸውም።

ከዚያ ሦስታችንም ተቀመጥንና ነገሩን አስረዳሁ። «የኔታ፣ ገብስ መሆኑ ከታወቀ ዘሩ ምን ይጠየቃል ይላሉ እንዴ?» አልኳቸው። «አንዱ ቶሎ ይደርሳል፣ አንዱ ይዘገያል፣ አንዱ ለቆሎ ነው፣ አንዱ ለጠላ። የጡት ካንሰርም እንደዚያው ነው። አንዱ የሚያድገው በሴት ልጅ ሆርሞን ነው። ሌላው ደግሞ በሴሉ ገላ ላይ አንድ ዓይነት ኤንዛይም ያበዛል።»

«ኤንዛይም ማለት ምንድን ነው?» አለች አክስቴ።

«ሰውነታችን ሥራውን የሚያሠራበት ጥቃቅን ሠራተኛ በይው። ምግብ የሚፈጭ አለ፣ መልእክት የሚያደርስ አለ። ይኼኛው ሴሉን ‹እደግ፣ ተባዛ› እያለ የሚያዝ ነው። በጤናማ ሰው ላይ በልኩ ነው ያለው። በዚህ ዓይነቱ ካንሰር ላይ ግን ይበዛና ትእዛዙ አያቋርጥም። እብጠቱ ሲያድግ ይርበዋል። ሲርበው ምልክት ይልክና አዲስ የደም ሥር ወደ ራሱ ያስበቅላል።»

«ደም ሥር? ከእኔው?»

«ከአንቺው። የጎረቤቱን ቦይ ሰብሮ ውኃውን ወደ ማሳው እንደሚጠልፍ ሰው።»

«ሌባ ነዋ!» አለች አክስቴ፤ ከልቧ ተናደደች።

«ሌባ ነው። ያ ኤንዛይም በዝቶ ከተገኘ እሱን የሚያስር መድኃኒት አለ። ካልበዛ ግን መድኃኒቱ ለአንቺ ከንቱ ነው፤ ልብሽንም ሊጎዳው ይችላል። በግምት አይሰጥም። የሚለየው ደግሞ ያ የተቀበረው ሥጋ ነው። በመርፌ የተወሰደው ጥቂት ስለነበር አልቋል።»

የኔታ አቀረቀሩ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። «መድኃኒቷን ነው የቀበርሁት በይኛ» አሉ።

«ገና አልመሸም» አልኳቸው፤ የውስጤን ፍርሃት ግን አልነገርኳቸውም። ፎርማሊን ውስጥ ከልኩ በላይ የቆየ ሥጋ ቀለሙን እንቢ ሊል ይችላል። ያኔ ኤንዛይሙ እያለ የለም ሊያሰኝ ይችላል። እያንዳንዱ የሚያልፍ ቀን ከአክስቴ ላይ የሚቀነስ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። የቅጥሩ ጠባቂና ኃላፊ ቄሰ ገበዝ አየነው ናቸው፤ ወፍራም ድምፅ ያላቸው፣ ከያዙት ቃል የማይነቃነቁ ሽማግሌ። የኔታ ጉዳዩን ሲነግሯቸው አንገታቸውን ነቀነቁ።

«የኔታ፣ እርስዎ እያወቁ! ከዚህ ቅጥር የገባ አይወጣም። ዛሬ ይኸን ካወጣን ነገ ሁሉም ዶማውን ይዞ ነው የሚመጣ።»

የኔታ ሊከራከሩ ይችሉ ነበር። መጽሐፍ መጥቀስ ለእሳቸው ምንም ማለት አይደለም፤ ክርክር ውስጥ ከገቡ የሚችላቸውም የለም። ግን የቀበሩት እሳቸው ናቸውና አፋቸው ተያዘ። እኔም ስለ ሴልና ስለ ኤንዛይም ልጀምር ስል ቄሰ ገበዙ እጃቸውን አነሡ፤ አልሰማሽም ማለታቸው ነው። ነገሩ እዚያ ጋ ያለቀ መሰለኝ።

አክስቴ ከበሩ ውጪ፣ በበትር ተደግፋ ቆማ ነበር። አትምጪ ብለናት እንቢ ብላ ነው የመጣችው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተጣራች።

«ቄሰ ገበዝ!»

«አቤት እመት ውዴ። ምነው በዚህ ቁስልሽ?»

«ሬሳ አይወጣም ማለትዎ ልክ ነው፤ እኔም እንደዚያው ነው የማውቅ። ግን እስቲ ሬሳው ማን ነው?»

ቄሰ ገበዙ ወደ በሩ ጠጋ አሉ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ይኸው ቆሜ አነጋግርዎታለሁ። የተቀበረው የእኔ ገላ ነው፣ እኔ ደግሞ ገና አልሞትሁም። ከተቀበረ ወዲህ እኮ እንቅልፍ የለኝም። ቁራጬን ከቀበሩት የቀረሁት እስክከተል ነው የሚጠብቁት እያልሁ ነው የማድረው። ለየኔታ አልነገርኋቸውም፣ ለክብሬ ብለው ስላደረጉት። አሁን ግን ይህች ልጅ ያ ሥጋ መዳኛዬን ያውቀዋል አለችኝ። እንግዲያው ይነሣና ይናገርልኝ። ሲጨርስ ደግሞ ይመለሳል።»

አንድም ቀን ሰው ፊት እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ጡት የሚባለውን ቃል በሐኪም ፊት እንኳን ለመጥራት የምታፍር ሴት ናት። አክስቴ መሆኗ አኮራኝ።

ቄሰ ገበዙ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ትመልሽዋለሽ? ለመሬት የተሰጠ አደራ ነው። አውጥታችሁ የትም አትጥሉትም?»

«እመልሰዋለሁ።»

«ማይልኝ።»

«ሚካኤል ምስክሬ ነው።»

ዶማውን ሌላ ሰው እንዲይዘው የኔታ እሺ አላሉም። ጥምጣማቸውን ፈትተው ለእኔ ሰጡኝ፣ ነጠላቸውን አደገደጉና ራሳቸው ቆፈሩ። ከንፈራቸው በጸሎት ይንቀሳቀሳል። ጥቂት እንደቆፈሩ ዶማውን ጥለው ተንበረከኩና በእጃቸው አፈሩን ይዝቁ ጀመር። ዕቃውን እንዳይመቱት ፈርተው ነው። እኔ ከአጠገባቸው፣ አክስቴ ከበሩ፣ ቄሰ ገበዙ ከበላያችን፣ ሁላችንም ወደ ጉድጓዱ አፍጥጠን ነበር።

ነጩ የፕላስቲክ ዕቃ ብቅ አለ። ሳነሣው እጄ ረጠበ። ክዳኑ ላልቶ ፎርማሊኑ ፈስሷል። ክዳኑን ቀስ አድርጌ ከፍቼ አየሁ። ሽታው ፊቴን መታኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የወደድኩት ሽታ የለም። የቀረው ፈሳሽ ግማሽ አይሞላም፣ ሥጋው ግን ተሸፍኗል።

«አለ?» አለች አክስቴ ከበሩ።

«አለሽ!» አልኳት።

የኔታ አብረውኝ ባሕር ዳር መጡ። እኔ የበደልሁትን እኔው አደርሰዋለሁ ብለው ዕቃውን በነጠላቸው ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አድርገው ነው የተጓዙት። የአውቶብሱ ረዳት «አባ፣ ይኸን ከላይ ልጫነው» ሲላቸው «ይኸ ከላይ የሚጫን አይደለም ልጄ» አሉት።

ላቦራቶሪ ገብቼ እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። ያንን ሥራ ለዓመታት ሠርቼዋለሁ፤ አሁን ግን ምላጩ የሚያልፈው ያሳደገችኝ ሴት ላይ ነው። ሰም ውስጥ ከተትኩት፣ ቆረጥኩት፣ አንዱን መስታወት ኤንዛይሙን ለሚያሳየው ቀለም፣ አንዱን የደም ሥሮችን ለሚያሳየው ቀለም ሰጠሁት። ሲጠናቀቅ ሐኪሟ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፋች። መስታወቱን ወዲህ አለችው፣ ወዲያ አለችው። ቀለሙን እንቢ ብሎ ይሆን እያልኩ ከኋላዋ ቆሜ ጥፍሬን ስበላ ነበር።

ሐኪሟ ቀና አለች። «ይዟል» አለች። «ኤንዛይሙ በጣም በዝቷል። የደም ሥሩም እንደዚያው። ክፉ ዓይነት ነው፤ ግን መድኃኒቱ አለለት።»

የኔታ ኮሪደር ላይ ነበሩ። ሐኪሟ ራሷ ገባ እንዲሉ ጠየቀቻቸው። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ማየት ጀመሩ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ቀን የራሱን ሽፋሽፍት ነው የሚያየው። እሳቸው ግን ጥቃቅን ነገር ማንበብ የኖሩበት ነው፤ ቶሎ አገኙት።

«ይኸ በየአንዳንዱ ዙሪያ ቡናማ ሆኖ የተቀለበተው ምንድን ነው?»

«ኤንዛይሙ እሱ ነው።»

መስታወቱን ቀየርኩላቸው። «ይኸስ እንደ ሐረግ የሚጠማዘዘው?»

«ወደ ራሱ የጠለፋቸው ደም ሥሮች ናቸው።»

በጣም ቆዩ። ከዚያ ሳይነሡ ተናገሩ። «ልጄ፣ ድጓ ላይ ከፊደሉ ራስ የሚቀመጥ ጥቃቅን ምልክት አለ። ፊደሉን ማንም ያነበዋል። ምልክቱን ያላየ ግን ዜማውን አያገኘውም። ሐኪሙ ነቀርሳ ነው ሲለኝ እኔ ፊደሉን አንብቤ ጨረስሁ ብዬ ሄድሁ። ምልክቱን የምታነቢው ለካ አንቺ ነሽ።» ብድግ ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። «ይኸ ትልቅ ትምህርት ነው። በርቺ።»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እኔ በተማርኩበት ቦታ ብዙ ምስጋና ተሰጥቶኛል። ያቺን የሚያህል ግን የለኝም። ሥራዬን እንደ ልብስ ስፌት ቁጭ ብዬ የምቆርጠውና የምቀጥለው ነገር አድርጌ ነበር የማየው። ድጓ ተምረው ያረጁ ሰው «ይኸ ትምህርት ነው» ሲሉኝ፣ እጄ ላይ ምን እንደያዝኩ ያኔ አወቅሁ። በዚያው ሳምንት ለአዲስ አበባው ድርጅት ደውዬ አልመጣም አልኩ። ባልደረቦቼ ለስንብቴ ያዘዙትን ኬክ ስላልሄድኩ በላነው።

መድኃኒቱን ማግኘት ቀላል አልነበረም። ሩቅ ነው፣ ይጠፋል፣ ይጠበቃል። አክስቴ ፀጉሯ ረገፈ፣ ደከመች፣ አንድ ሁለት ጊዜም «ተዉኝ» ብላለች። የልቧ ምርመራ በደረሰ ቁጥር የእኔ ልብ ነበር የሚመታው። ግን ያ ኤንዛይም ታሰረ። ዛሬ ስጽፍላችሁ አለች፤ ክትትሏን ሳታቋርጥ፣ እየሳቀች አለች።

አሁን ዕቃ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ሲገጥመኝ ቁጥሩን ከመጻፌ በፊት ስሙን አነባለሁ። ምን እንደያዘና ለምን እንደሚመረመር እነግረዋለሁ። እናንተም አንድ ቀን እንዲህ ያለ ዕቃ በእጃችሁ ከገባ እባካችሁ ጠይቁ፣ አድርሱት። በሽታው ታውቋል ብላችሁ መንገድ ላይ አታስቀሩት። ምርመራው ሲያልቅ የተረፈውን እንመልስላችሁ የሚሉ ካሉ፣ ደንቡ በሚፈቅደው መንገድ እንዲመለስላቸው የማስጨርሰው እኔ ነኝ። ሐኪሟ «የሚካኤል ደንብ» ትለዋለች።

የአክስቴንም መለስኩ። የተረፈውን ሥጋ ሽታው እስኪጠፋ አጥቤ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ። ቄሰ ገበዙ ከበሩ ላይ ተቀበሉኝና «ቃልሽ ቃል ነው» አሉኝ። የኔታ በዚያው ጉድጓድ አሳረፉት። አክስቴ ራሷን በሻሽ አስራ፣ በትሯን ጥላ፣ ቀጥ ብላ ቆማ የመጀመሪያውን አፈር በገዛ እጇ መለሰች። ጎረቤቶቿ ቀብር ቀብር ነው ብለው ስንዴና ባቄላ ቀቅለው መጥተው ነበር። ይሳቅ ይለቀስ ማንም አላወቀም።

አክስቴ ከንፍሮው አንድ እፍኝ ዘግና ወደ አፏ አደረገች፣ አኘከች፣ ዙሪያውን አየችን።

«ጨው ያንሰዋል» አለች። «እውነተኛው ቀን ሲደርስ አስተካክሉት።»